ባይኖኩላሬ ከውስጥ እየጎመ አስቸገረኝ

በባሌ ደጋ በፈቃድ ለሚያድኑ እንግዶች መንገድ መሪ ነኝ። ያለኝ አንድ ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ነው፤ 10 በ42 (አሥር እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊሜትር)፣ ከውስጥ እንዳይጎም ናይትሮጅን የተሞላ፣ ስድስት ዓመት ያገለገለኝ። ባለፈው ወር ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት አደረ። ከዚያ ወዲህ የቀኙ ሌንስ ከውስጥ በኩል በጉም ይሸፈናል፤ ከውጭ ብወለውለው ምንም አይለወጥም። ሦስት ቀን ደረቅ ሩዝ ውስጥ ቀብሬ አቆየሁትና ከተማ ሳለሁ ጠራልኝ። ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አስታ ቁጥቋጦው መካከል ስደርስ ግን የንጋቱ ብርድ ሲያገኘው ተመልሶ ደፈነ። በኋላ ልብ ብዬ ሳየው በዓይን ማስጠጊያው በኩል ያለው የጎማ ማሸጊያ ተሰንጥቋል።

ያለዚህ መሣሪያ ሥራዬን በቅን ልሠራው አልችልም። ሴቷ የደጋ አጋዘን ቀንድ ስለሌላት መለየቷ አያስቸግርም። ጭንቁ የበሰለውን ወንድ ከለጋው መለየት ነው፤ የቀንዱን ርዝመትና ጥምዝ ከሩቅ አጥርቶ ማየት ይጠይቃል። በእኔ የተሳሳተ ግምት አንድ ለጋ እንዲወድቅ አልፈልግም።

ቀጣዩ ጉዞ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ይህን ፈትቶ፣ ማሸጊያውን ቀይሮ፣ ናይትሮጅኑን መልሶ የሚሞላ ባለሙያ አዲስ አበባ ውስጥ የት አገኛለሁ?