የአንድ ቀን ልዩነት የእህቴን የመኖሪያ ፈቃድ አስቆመው፤ የምታውቁ እርዱን

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ሐዋሳ ነኝ፣ እህቴ ጀርመን ናት፤ ውክልናዋ እኔ ጋ ነው። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ልታመለክት ነው። 5 ዓመት ኖራለች፣ የ60 ወር የጡረታ መዋጮ ከፍላለች፣ የቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) የጀርመንኛ ቋንቋ ፈተናም አልፋለች። ከባዱን ጨርሳለች ማለት ነው።

አሁን የያዘን የልደት ሰርተፍኬቷ ነው። የተወለደችው መስከረም 5 ቀን 1984 ነው። ፓስፖርቷ ላይ ሴፕቴምበር 16፣ 1991 ይላል። ልክ ነው፤ የ1983 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች መስከረም በአንድ ቀን ይገፋል። እዚህ የወጣው ሰርተፍኬት ግን ሴፕቴምበር 15 ይላል። የእኛ ቀን ሁለቱም ጋ አንድ ነው፣ ችግሩ ሲገለበጥ የመጣ ነው። ይህን ጳጉሜን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ግን አልቻለችም። ስትደውል ድምጿ ያስጨንቀኛል።

እባካችሁ፣ ሰርተፍኬቱን ለማሳረም የእኔ ውክልና ይበቃል ወይስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ግድ ነው? ከታረመስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ እንደገና ከሀ ይጀመራል? ወይስ ልዩነቱን የሚያብራራ ደብዳቤ ከኤምባሲ አስጽፎ የተሳካለት አለ? እንዲህ ያለውን ሐዋሳ ላይ ያሳረማችሁ ካላችሁ፣ የተጠየቃችሁትን ወረቀት ብቻ እንኳ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።