የዛራጎዛውን አልሃፌሪያ ቤተ መንግሥት በግማሽ ቀን ለማየት

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። በሚቀጥለው ወር ከእናቴ ጋር ከማድሪድ ተነስተን ዛራጎዛ ውለን ልንመለስ አስበናል። ዋናው ሐሳባችን የሙስሊም ገዢዎች ሠርተውት ኋላ የአራጎን ነገሥታት የገቡበትን አልሃፌሪያን ማየት ነው። ምን እንጠንቀቅ? ውስጡ ምኑ የማን ሥራ እንደሆነስ በምን እንለያለን? እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃ ይከብዳቸዋል።

መልስ 1፦ የባቡር ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ቀኑን አጣሪ። ቤተ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የአራጎን ክልል ምክር ቤት መቀመጫ ስለሆነ ጉባኤ ባለበት ቀን ለጎብኚ በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል። ሐሙስና ዓርብን በተለይ ተጠንቀቂ። በምሳ ሰዓትም ይዘጋልና ጠዋት ግቡ። የስፔን 14:00 በእኛ 8 ሰዓት መሆኑን አትርሺ። ፈጣኑ ባቡር ከማድሪዱ አቶቻ ጣቢያ እስከ ዛራጎዛው ዴሊሲያስ ጣቢያ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በእግር 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ ለእናትሽ ግን ታክሲ ያዢ። ትልቅ ሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ፣ በሩ ላይ ፍተሻ አለ።

መልስ 2፦ ለእናትሽ የሚመቸው ምድር ቤቱ ነው፤ ደግሞም የቤተ መንግሥቱ ልብ እሱ ነው። የዛራጎዛው ሙስሊም ገዢ አል ሙቅታዲር በ11ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው የሳንታ ኢዛቤል ግቢ በስተሰሜን በኩል እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ቅስቶች አሉት። አጠገቡ ያለችው ትንሽ መስጊድ እንዳታመልጣችሁ። ውስጧ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ሚህራቧ (የጸሎት አቅጣጫን የሚያሳየው የግድግዳ ጎድጓዳ) በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ባለው ቅስት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሯል። ብዙ ሰው ወደ ላይ ሲቸኩል በአንድ እይታ ያልፋታል፤ ያሳዝናል። እዚያ ቢያንስ 10 ደቂቃ ቁሙ።

ከሰሜኑ ቅስቶች ፊት ለፊት ወፋፍራም ባለ ስምንት ማዕዘን ምሰሶዎች ታያላችሁ። እነሱ የአል ሙቅታዲር አይደሉም። ክርስቲያኖቹ የስፔን ነገሥታት ፈርዲናንድና ባለቤቱ ኢዛቤላ በአሮጌው አዳራሽ ላይ ፎቅ ሲሠሩ ክብደቱን እንዲሸከሙ ያቆሟቸው ናቸው። ሁለቱን ዘመን ለመለየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

መልስ 3፦ ፎቁን ለማየት ሰፊውን ደረጃ መውጣት ግድ ነው። ሊፍት ይኖር እንደሆነ ትኬት ቤቱ ጠይቂ። የዙፋኑ አዳራሽ ጣሪያ በ30 የእንጨት ሳጥኖች የተከፈለ ሲሆን ከመካከላቸው የጥድ ፍሬ ቅርጽ ይንጠለጠላል። ዙሪያውን የተጻፈው ላቲን ሁለቱ ነገሥታት ሙሮችን (የስፔን ሙስሊሞችን) ድል ካደረጉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1492 ይህን እንዳሠሩ ይናገራል። ሥራውን የመራው ግን ፋራኽ ደ ጋሊ የተባለ ሙስሊም የአናጢዎች አለቃ ነው። ስለዚህ ታችኛውን «እስላማዊ»፣ ላይኛውን «ክርስቲያናዊ» ብላችሁ በአንድ ቃል አትዝጉት።

መልስ 4፦ ለማከል ያህል፣ ከጀሶ ጌጡ ብዙው በ20ኛው ክፍለ ዘመን እድሳት የተተካ ነው። ሕንፃው ለረጅም ጊዜ የወታደር ካምፕ ሆኖ ተጎድቶ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ቅስቶች ጥቂቱ ማድሪድ በሚገኘው ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ተቀምጠዋልና ስትመለሱ እዚያ ጎራ በሉ፤ ሰኞ ዝግ ነው።