የዕቅድ ውይይት፦ የባዮፊዚክስ ሳምንት የጋራ ፕሮፖዛል፣ ረቂቅ 3

ሰብሳቢው፦
ረቂቅ 3 ይኸው። ካናዳ ያሉት አባሎቻችን ቃል የገቡት 220 ሺህ ብር የሚለቀቀው ፕሮፖዛሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ከደረሳቸው ብቻ ነው። በደም ልገሳው ጊዜ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አንደግመውም። ዓላማው ያው ነው፦ ፊዚክስ በሽታን ለማወቅና ለማከም ምን እየሠራ እንደሆነ ለተማሪውም ለጤና ባለሙያውም ማሳየት። ቦታው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ። ወሩ መጋቢት። «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ የለም።

መምህሩ (ደሴ)፦
ክፍል 1ን ጨርሻለሁ። ከእንግሊዛዊቷ ሳይንቲስት ከሮዛሊንድ ፍራንክሊን ይጀምራል። በ1952 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በኤክስሬይ የተነሳው የዲኤንኤ ምስል ነው በማግስቱ ዓመት ለወጣው የዲኤንኤ ቅርጽ ሞዴል ዋና ማስረጃ የሆነው። ኖቤሉ በ1962 ለሦስት ወንዶች ሲሰጥ እሷ ከሞተች 4 ዓመት አልፏታል። ከዚያ በቀጥታ ወደ እኛ ዘመን እገባለሁ። ፕሮቲንን ከነውሃው እጅግ በፍጥነት ያቀዘቅዙታል፤ ውሃው በረዶ ለመሥራት ጊዜ አያገኝም። ከዚያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያዩታል። የ2017ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ለዚህ ነው የተሰጠው። የኮሮና ቫይረስ ሾህ ቅርጽ በየካቲት 2020 የታወቀው በዚሁ ዘዴ ነው። ቫይረሱ ሴል ውስጥ ሲገባ ሾሁ ቅርጹን ይለውጣል። ስለዚህ ክትባት ሠሪዎች ሁለት ቦታ ላይ ፕሮሊን የሚባል አሚኖ አሲድ ተክተው ከመለወጡ በፊት ባለው ቅርጹ ቆለፉት። የፋይዘርን ወይም የጆንሰንን ክትባት የተወጋ ሁሉ ይህን በክንዱ ተቀብሏል። ስንቱ ያውቃል?

ወልዲያ፦
በረቂቅ 1 ላይ ወልዲያ ነበረች። ማን አወጣት?

ሰብሳቢው፦
በቃለ ጉባኤ ነው የወጣችው። አልመጣህም።

የባቲው ላብራቶሪ፦
መምህር፣ ታሪኩ ያምራል። ግን ሰኞ ገበያ ውሎ ማታ እየተንቀጠቀጠ ለሚመጣ ሰው ፍራንክሊን ምኑ ናት? ወባ ይቅደም። ፊዚክሱም እዚያው ሞልቷል። ፓራሳይቱ ሄሞግሎቢን ይበላል። የሚተርፈው ብረት ያለበት ሄም ለራሱ ለፓራሳይቱ መርዝ ነው፤ ስለዚህ ክሪስታል አድርጎ ያስቀምጠዋል። የወባ መድኃኒቱ ክሎሮኪን ይህ ክሪስታል እንዳይሠራ ያደርግና በገዛ መርዙ ይገድለዋል። እኛ በማይክሮስኮፕ ቡናማ ሆኖ የምናየው ነጠብጣብ ያ ክሪስታል ነው። ማግኔት ይነካዋል፤ በማግኔትና በብርሃን ብቻ ወባን የሚለዩ መሣሪያዎች የተሠሩት ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ጤነኛ ቀይ የደም ሴል 8 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ስፋት ይዞ በግማሹ በሚጠብ ቧንቧ ተጣጥፎ ያልፋል። ፓራሳይት የገባበት ግን ይደነድናል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ከሆነ ደግሞ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አንጎል ላይ ሲሆን ምን እንደሚከተል ለእናንተ አልነግርም።

አርዲቲውም (ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ) መነሳት አለበት። ብዙዎቹ አርዲቲዎች የሚፈልጉት አንድ ፕሮቲን ነው። የዚያ ፕሮቲን ጂን የጠፋባቸው ፓራሳይቶች በአገራችን ተገኝተዋል። ወረቀቱ የለም ይላል፣ ሰውዬው ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ነው ማይክሮስኮፕ ማይክሮስኮፕ የምለው። ከጦርነቱ ወዲህ የሌለው ጤና ጣቢያ ስንት ነው?

ገንዘብ ያዥ፦
ተ.ቁ. 4፣ «ድንኳን ኪራይ፣ 3 ቦታ፣ 48,000 ብር»። ማን ነው ያስገባው? ሁለት ማይክሮስኮፕ 90,000 ነው። ከአንዱ ማይክሮስኮፕ ዋጋ የሚበልጥ ድንኳን እኔ አልፈርምም።

ኮምቦልቻ፦
እኔ ነኝ ያስገባሁት። መጋቢት በልግ ነው እትዬ። የታተመው ሁሉ ዝናብ ቢመታው ማን ይጠየቃል?

ገንዘብ ያዥ፦
አዳራሽ አለ። ትምህርት ቤቱ በነጻ ይሰጣል።

ኮምቦልቻ፦
አዳራሽ ውስጥ የሚገባው ተማሪ ብቻ ነው። መንገደኛ አይገባም። ድንኳን ሲያይ ግን ሰው ይቆማል።

ወልዲያ፦
ድንኳን ሲያይ የሚቆመው ለቅሶ መስሎት ነው።

መምህሩ (ደሴ)፦
እባካችሁ ወደ ይዘቱ። ስለ ነርቭ የነበረውን ክፍል 2 አሳጥሬዋለሁ። እንግሊዛውያኑ ሆጅኪንና ሀክስሊ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ወፍራም ነርቭ ይዘው ኤሌክትሪኩ የሚተላለፈው ሶዲየምና ፖታሲየም በሴሉ ሽፋን ሲገቡና ሲወጡ መሆኑን በ1952 አሳዩ። ዛሬ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው የሚሰጡት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የሚሠሩት የሶዲየሙ በር ላይ ነው። ይህ ይቆይ ወይስ ይውጣ?

ኮምቦልቻ፦
ስኩዊድ ለወሎ ሰው? ይውጣ።

ወጣቱ (ሐይቅ)፦
መድኃኒቱ ይቆይ፣ ስኩዊዱ ይውጣ። ሐይቃችን ውስጥም የለም 😄 ለክፍል 3 እኔ አለሁ። የወረቀት ሴንትሪፊዩጁን፣ ደም አሽከርክሮ የሚለየውን መሣሪያ፣ ታውቁታላችሁ? ልጆች ቁልፍ በክር አስረው እየሳቡና እየለቀቁ የሚያሽከረክሩት ጨዋታ ነው መነሻው። የስታንፎርዱ የማኑ ፕራካሽ ቡድን በ2017 እ.ኤ.አ. በወረቀት ሠራው። በደቂቃ እስከ 125 ሺህ ጊዜ ይዞራል። ዋጋው 20 የአሜሪካ ሳንቲም፣ ክብደቱ 2 ግራም። የደሙን ፈሳሽ ከሴሎቹ በአንድ ደቂቃ ተኩል ይለያል፣ መብራት አይፈልግም። ሃያ ሠርቼ እስከ ዓርብ አመጣለሁ። ጽሑፉንም እኔው እጽፋለሁ።

የባቲው ላብራቶሪ፦
ጎበዝ! ይህ ነው ፕሮፖዛል። መብራት ሲጠፋ ሴንትሪፊዩጃችን የጠረጴዛ ማስጌጫ ነው የሚሆነው። ቀጭን ቱቦዎቹን ከእኔ ውሰድ።

ገንዘብ ያዥ፦
ድንኳኑ ግን መልስ አላገኘም።

ሰብሳቢው፦
የእኛን እድር ድንኳን መጠየቅ እችላለሁ። በነጻ ነው።

ኮምቦልቻ፦
የለቅሶ ድንኳን? አንድ ጎኑ የተጣፈው? ካናዳ ያሉት ፎቶውን ሲያዩ ምን ይላሉ?

ሰብሳቢው፦
በዚያ ድንኳን ያልተቀመጠ ትልቅ ሰው የለም። አባትህም ተሸኝተውበታል።

ኮምቦልቻ፦
አባቴን እዚህ ምን አመጣቸው? ስለ ኤግዚቢሽን ነው የምናወራው።

ወልዲያ፦
እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ ኮምቦልቻ ላይ ድንኳን የሚያከራየው ማን ነው? የማን እኅት ባል ነው?

ኮምቦልቻ፦
ይህን የጻፍከው ሰው በስም ወጥተህ ድገመው። አማቼ ለዚህ ማኅበር ሁለት ጊዜ ወንበር በነጻ ሰጥቷል። ደረሰኙ ይውጣ። ከዛሬ ጀምሮ ከኮሚቴው ወጥቻለሁ። ባነሩንም ራሳችሁ አሳትሙ።

መምህሩ (ደሴ)፦
ለድንኳን ነው እንዲህ የምትሆኑት? እኔ ሌሊት ተቀምጬ የጻፍኩትን ያነበበ አለ?

ሲስተር፦
አብሽሩ ልጆቼ። ወልዲያ፣ አንተ ይቅርታ በል። ኮምቦልቻ፣ አንተም ተመለስ። ማኩረፍ ለኛ አገር ሰው አያምርም።

አንድ ነገር ላስገባ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጂን መለኪያ በረቂቁ የለም። ኮሮና የመጣ ጊዜ እሱን ያላየ የለም። ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ያሳልፋል። ኦክስጂን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ብርሃኑን የሚውጡት በተለያየ መጠን ነው። ሐሳቡን በ1974 ይፋ ያደረገው ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ ነው። ነገር ግን በ2020 አሜሪካ የወጣ ጥናት በጥቁር ሕመምተኞች ላይ የተደበቀ የኦክስጂን እጥረት ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚያመልጠው አሳየ። የቆዳ ቀለም ብርሃኑን ስለሚውጥ ነው። ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም? ነርሷ 93 በመቶ ሲል ዓይታ ከመረጋጋቷ በፊት ከንፈሩን፣ አተነፋፈሱንም ትይ። ደሴ ደግሞ 2500 ሜትር ላይ ናት፤ ቁጥሩ እንደ ቆላው አይነበብም። ይህን እኔ አሠለጥናለሁ፣ አበል አልፈልግም።

ወልዲያ፦
ለሲስተር ስል ይቅርታ። የድንኳኑ ጥያቄ ግን ጥያቄ ነው።

ኮምቦልቻ፦
ለሲስተር ስል ተመልሻለሁ። ለአንተ አይደለም።

መምህሩ (ደሴ)፦
ሲስተር ያሉት ይገባል። ከቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለሚመጡት ደግሞ ስለ ቲቢ አንድ ገጽ ጨምሬያለሁ። ቤዳኩዊሊን መድኃኒት የተለማመደውን ቲቢ የሚገድለው ኤቲፒ የሚባለውን የባክቴሪያውን የጉልበት ምንጭ የሚሠራውን ሞተር በማስቆም ነው። ያ ሞተር እንደ ወፍጮ በእርግጥ ይዞራል፤ የሚያዞረው ፕሮቶን ነው። አሜሪካ በ2012 መጨረሻ ፈቀደችው። መድኃኒቱ ሞተሩ ላይ የት እንደሚሸጎጥ በ2020 መጨረሻ በዚያው በማቀዝቀዣው ዘዴ ታይቷል።

ገንዘብ ያዥ፦
አንብቤዋለሁ መምህር፣ ጥሩ ነው። ግን ሦስት ቦታ መከራየት ገንዘብ መበተን ነው። ዋጋ ጠይቄ ነበር። አዲስ ድንኳን ከነብረቱ 130 ሺህ ነው።

ወልዲያ፦
እንግዛው! ከዚያ ለሠርግ እናከራየዋለን። ማኅበሩ የራሱ ገቢ ይኖረዋል፣ ካናዳን አንለምንም። ድንኳኑ የራሳችን ከሆነ ደግሞ ወልዲያም ይመጣል።

ኮምቦልቻ፦
አማቼ በ118 ያስመጣል። አሁን ደግሞ ምን ትላለህ?

ወልዲያ፦
ፕሮፎርማ ያቅርብ። እንደማንኛውም ሰው።

ካናዳ ያለሁት፦
ከሥራ ስገባ ነው ያነበብኩት። ይቅርታ፣ እኛ ያዋጣነው ለማይክሮስኮፕና ለሥልጠና ነው። ድንኳን የሚለው ቃል እዚህ ስብሰባ ላይ አልተነሳም። የሐይቁ ልጅ የሠራውን ቪዲዮ ላኩልን፤ እሱን ነው ሰዎቹ የሚጠይቁት።

የባቲው ላብራቶሪ፦
እኔም እየጠየቅኩ ነው። ዓርብ አልፏል። ስልኩ አይነሳም። ቱቦዎቼንም ወስዷል።

ሰብሳቢው፦
አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄዷል አሉ። ክፍል 3ን የሚወስድ ሌላ ሰው ይኑር።

...

ማንም?

መምህሩ (ደሴ)፦
የሳይንስ ክበብ ልጆቼ ይሠሩታል። ወረቀትና ክር ብቻ ነው። እውነተኛ ደም ግን ያለ ላብራቶሪ ባለሙያ አይነኩም፤ ይህ በፕሮፖዛሉ ይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦
እንግዲህ እንዲህ ደመርኩት። ድንኳን ግዢ 130 ሺህ። ማይክሮስኮፕ ከሁለት ወደ አንድ ወርዶ 45 ሺህ። ኅትመት 15፣ ትራንስፖርትና አበል 22፣ ወረቀት፣ ክርና ስላይድ 8። ሻይ ቡና ወጥቷል። ጠቅላላ 220። ለካናዳዎቹ «ዘላቂ የማሳያ መሠረተ ልማት» ተብሎ ይጻፍ።

የባቲው ላብራቶሪ፦
አንዱ ማይክሮስኮፕ የማን ነው?

ሰብሳቢው፦
በዙር ይሆናል።

የባቲው ላብራቶሪ፦
ማይክሮስኮፕ በዙር? በሐረጎ መንገድ በአይሱዙ እየተንጓጓ ሦስተኛ ጉዞውን አይጨርስም። እንዲህ ከሆነ ባቲን ከድንኳኑ ሒሳብ አውጧት። ጤና ጣቢያው ግቢ ዛፉ ሥር እንሠራዋለን። ባቲ ላይ በከተማ የሚራባው አዲሱ የወባ ትንኝም ተገኝቷል፤ ማሳየት ያለብንን እናውቃለን። ሲስተርን፣ ወረቀቱንና ክሩን ላኩልኝ።

ሲስተር፦
እመጣለሁ። ሰኞ ይሁን፣ ገበያተኛውም እንዲያገኘን።

ኮምቦልቻ፦
ባቲ ካልፈለገች ድንኳኑ ኮምቦልቻ ይቀመጥ። መሐል ነን።

ወልዲያ፦
ከማን መሐል? ደሴ ነው የሚቀመጠው። በሠርግ ወር ግን ወልዲያ ቅድሚያ ይኑራት።

ገንዘብ ያዥ፦
የትም ይቀመጥ፣ የመጋዘን ኪራይ ሊመጣ ነው። በየትኛው ተ.ቁ. ላስገባው? ሦስት ፕሮፎርማ እስከ ማክሰኞ እፈልጋለሁ፤ ከአማትም ቢሆን ማኅተም ይኑረው።