አጀንዳችን ሁልጊዜ በይደር ይታለፋል፤ የዊልቸሩን ጉዳይ እንዴት እናስወስን?

የበጎ አድራጎት ክለብ ስብሰባ የምትመሩ ሰዎች፣ እባካችሁ እርዱኝ። ስብሰባችን በየ2 ሳምንቱ ለ1 ሰዓት ነው። ቃለ ጉባኤ፣ ማስታወቂያና የእንግዳ ንግግር 45 ደቂቃውን ይወስዱታል። የዊልቸር እደላው ተራ ሲደርስ ግማሹ አባል ወጥቷል፤ ምልዓተ ጉባኤ ስለማይሟላ ጉዳዩ በይደር ይታለፋል። አጀንዳውን ወደ መጀመሪያ ብናመጣውም አርፍደው የሚገቡት ውይይቱን እንደ አዲስ ያስጀምሩታል።

የሚያሳስበኝ የተረጂዎቹ ነገር ነው። ዊልቸር እንደ ደብተር በጅምላ አይታደልም። የዳሌ ስፋትና የጭን ርዝመት ሳይለካ ከተሰጠ፣ በተለይ ሰውነቱ ስሜት ለሌለው ሰው፣ የመቀመጫ ቁስል ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው መመሪያ ከቀጠሮ እስከ ጥገናና ክትትል 8 ደረጃዎችን ያስቀምጣል። አባላቱ ግን ዓይናቸው የርክክቡ ቀን ላይ ነው፤ ለሚለካው ባለሙያና ለመለዋወጫ ጎማ በጀት ሲጠየቅ ክርክር ይነሳል። ከሕዝብ የተሰበሰበው ገንዘብ ከክለቡ ማስተዳደሪያ ሒሳብ ተለይቶ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ችግሩ ገንዘብ አይደለም።

ለኮሚቴ እስከ ተወሰነ የገንዘብ መጠን ድረስ የመወሰን ሥልጣን የሰጣችሁ ካላችሁ፣ የውሳኔ ሐሳቡን እንዴት ቀረጻችሁት? ሳይገኙ በጽሑፍ ድምፅ መስጠትስ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ አለ? አንቀጹን ብታካፍሉኝ ትልቅ ውለታ ነው።