ከመስመሬ መውጣት አቃተኝ፤ በረኞች እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምጽፍላችሁ ከፍኖተ ሰላም ነው። 21 ዓመቴ ነው፣ በረኛ ነኝ። ጨንቆኛል።

ከቅርብ የሚመታ ኳስ አያስፈራኝም። ችግሬ ክሮስ ነው፣ ከክንፍ ወደ ጎል ፊት የሚሻገረው ኳስ። ባለፈው ክረምት፣ ሜዳው ጭቃ ሆኖ፣ የማዕዘን ምት ልይዝ ወጥቼ ኳሷ ከጓንቴ አመለጠች። ገባች። ተሸነፍን። ከዚያ ወዲህ ኳስ ከክንፍ ሲነሳ እግሬ ከጎል መስመሩ አይላቀቅም። ተከላካዮቼ «ውጣ!» ይላሉ፤ እኔ ደርቄ እቀራለሁ።

የበረኛ አሰልጣኝ የለንም። ልምምድ ላይ ጎል ውስጥ ያቆሙኛል፣ አጥቂዎቹ ይመቱብኛል፣ በቃ።

ቁመቴ 1 ሜትር ከ74 ነው። ግን ሆርጌ ካምፖስ ከእኔም አጥሮ እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ዋንጫ የሜክሲኮን ጎል ጠብቋል። ስለዚህ ቁመትን ሰበብ ማድረግ አልፈልግም። ዕድሜዬም ገና ነው እላለሁ። ግብፃዊው ኤሳም ኤል ሀዳሪ እኮ እ.ኤ.አ. በ2018 የሩሲያ የዓለም ዋንጫ ላይ፣ በ45 ዓመቱ፣ ከሳዑዲ ጋር ሲጫወቱ ፍፁም ቅጣት ምት አድኗል! እሱን ሳስብ ልቤ ይነሳል።

በረኛ የነበራችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። የሚረዳኝ አንድ ጓደኛ ብቻ ነው ያለኝ፤ ከእሱ ጋር ክሮስን እንዴት ልለማመድ? ኳሱ ሲመጣ መያዝ ወይስ በቡጢ ማራቅ እንዳለባችሁ በምን ትወስናላችሁ? ያ ፍርሃትስ እናንተን እንዴት ለቀቃችሁ?

አንድ ነገር ልጨምር። ባህር ዳር ሄጄ ለሙከራ መቅረብ አስቤያለሁ። እናቴ «መጀመሪያ ትምህርትህን ጨርስ» ትላለች፤ አልፈርድባትም። አሁን ልሂድ ወይስ ይሄ ነገር እስኪስተካከል ልታገስ?