ኮሞዶር 64 ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረብኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ባለፈው ወር ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ኮሞዶር 64 የሚባል የድሮ የቤት ኮምፒውተር ገዛሁ፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው፣ ጎበጥ ያለው የድሮው ሞዴል። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ በሳሙና ሳጥብ ዋልኩ። ማታ ሳበራው ቀይዋ መብራት በራች፤ ቴሌቪዥኑ ግን ጭልም ያለ ጨለማ። ሲነሳ የሚያሳየው ያ ሰማያዊ ስክሪንም፣ ነፃ ሚሞሪውን በባይት የምትናገረው 38911 የምትለዋ ቁጥርም የሉም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፓወር ሰፕላዩን ነው፤ ሲያረጅ 5 ቮልቱ ከፍ ብሎ ሚሞሪውን ያቃጥላልና። በመልቲሜትር ስለካው ግን ዲሲው 5.1፣ ኤሲው 9.6 ቮልት ነው። ፊውዙም ደህና ነው። ከዚያ አብርቼ ስምንቱን የሚሞሪ ቺፖች በጣቴ ነካካኋቸው፤ ሰባቱ ለብ ያሉ ናቸው፣ አንዱ ግን ጣት አያስጠጋም።

እሱን ብቻ ልቀይር ወይስ ፒኤልኤ የሚባለውንም፣ የትኛው ቺፕ መቼ እንደሚሠራ የሚመርጠውን ቺፕ ልጠርጥር? ሚሞሪው ሶኬት የለውም፣ ቦርዱ ላይ በቀጥታ የተበየደ ነው። ያለኝ ተራ የብየዳ ካውያና የሊድ መምጠጫ ፓምፕ ብቻ ነው። የቦርዱን መስመር ሳልልጥ እንዴት ልንቀለው? ደህና ቺፕ ከላዩ ደርቦ መሞከርስ ያዋጣል? እባካችሁ የሠራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ፤ ይህን ማሽን እንደሞተ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አልቻልኩም።