የኡቺሙራ የሪዮ ወርቅ፦ በዕለቱ ሥራ የተገኘ ነው ወይስ በስም?

አወያይ፦
የዛሬው መከራከሪያችን በወንዶች ጂምናስቲክ ተከታታዮች ዘንድ እስካሁን ያልበረደ ጉዳይ ነው። ኦገስት 10 ቀን 2016 በሪዮ ኦሊምፒክ፣ አንድ ስፖርተኛ በስድስቱም መሣሪያዎች በሚፈተንበት የግል ጥቅል ውድድር ፍጻሜ፣ ጃፓናዊው ኮሄይ ኡቺሙራ በ92.365 ነጥብ ወርቅ ሲያጠልቅ ዩክሬናዊው ኦሌግ ቬርኒያዬቭ በ92.266 ሁለተኛ ሆኗል። ልዩነቱ 0.099 ብቻ ነው። አምስት መሣሪያዎች ተጠናቀው ወደ መጨረሻው አግድም ዘንግ ሲሄዱ ቬርኒያዬቭ በ0.901 ይመራ ነበር። ኡቺሙራ በአግድም ዘንግ 15.800፣ ቬርኒያዬቭ 14.800 ተሰጣቸውና ደረጃው ተገለበጠ። ወርቁ ለሥራው የተሰጠ ነው ወይስ ዳኞቹ ለታላቅ ስም አደሉ? ሐሳባችሁን በማስረጃ አስደግፋችሁ በጨዋነት እንድታቀርቡ አደራ እላለሁ። ዓመቶቹን ሁላችንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጻፍ።

ብሩክ፦
እኔ ወርቁ ለቬርኒያዬቭ ይገባ ነበር ከሚሉት ወገን ነኝ። ይህን ስል ኡቺሙራን ለማሳነስ አይደለም፤ ከ2009 እስከ 2015 ድረስ በተካሄዱት ስድስት የዓለም ሻምፒዮና ጥቅል ውድድሮች አንዱንም ሳያስነካ ያሸነፈን፣ በመሐሉም በ2012 ለንደን ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደን ሰው ማሳነስ አይቻልም። ነገር ግን ዳኞቹ ይህን ሁሉ እያወቁ ነው በጠረጴዛው ፊት የተቀመጡት። በአግድም ዘንግ በሁለቱ መካከል የታየው ልዩነት አንድ ሙሉ ነጥብ ነው። አንድ ሙሉ ነጥብ ደግሞ ከመሣሪያ ላይ ለወደቀ ሰው የሚቀነስ ቅጣት ነው፤ ቬርኒያዬቭ ግን አልወደቀም። ሲያርፍ እግሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ እንጂ ልምምዱን ከዳር አድርሶታል። ከዚያ በኋላ ለምን 14.800 እንደተሰጠው የሚያስረዳ ዝርዝር ለተመልካች አልቀረበም። በሕጉ መሠረት ይግባኝ የሚባለው በክብደት ነጥብ፣ ማለትም ለእንቅስቃሴዎቹ አስቸጋሪነት በሚሰጠው ነጥብ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ የአፈጻጸም ነጥቡ በዝቶ ተቀንሶብኛል ብሎ አቤት ማለትም አይቻልም። አቤቱታ በማይሰማበት ነጥብ የተወሰነን ወርቅ ያለ ጥርጣሬ ልቀበል አልችልም።

ሕይወት፦
ወንድሜ ብሩክ የአግድም ዘንጉን ነጥብ ብቻ ነጥለው ስላዩት ሥዕሉ ጎድሏል። ውድድሩ የስድስት መሣሪያዎች ድምር ስለሆነ ነጥቦቹን በሙሉ አስቀምጣለሁ። ኡቺሙራ በወለል ልምምድ 15.766፣ በባለ እጀታው ፈረስ 14.900፣ በቀለበት 14.733፣ በዝላይ 15.566፣ በትይዩ ዘንጎች 15.600፣ በአግድም ዘንግ 15.800 አግኝቷል። ቬርኒያዬቭ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል 15.033፣ 15.533፣ 15.300፣ 15.500፣ 16.100 እና 14.800 አግኝቷል። ስለዚህ ቬርኒያዬቭ በፈረስ በ0.633፣ በቀለበት በ0.567፣ በትይዩ ዘንጎች በ0.500 በልጧል፤ ኡቺሙራ ደግሞ በወለል በ0.733፣ በዝላይ በ0.066፣ በአግድም ዘንግ በ1.000 በልጧል። ዳኞቹ በስም የሚመሩ ቢሆኑ ኖሮ ቀለበት ላይ 14.733 ሰጥተው እንዲህ ወደ ኋላ ባላስቀሩት ነበር።

ሙሉ ነጥቡን በተመለከተ ደግሞ፣ የመጨረሻው ነጥብ የሁለት ነገሮች ድምር መሆኑ መዘንጋት የለበትም። አንደኛው ስፖርተኛው የመረጣቸው እንቅስቃሴዎች ክብደት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአሥር ተነስቶ በየስህተቱ እየተቀነሰ የሚሄደው አፈጻጸም ነው። ከ2006 ጀምሮ ክብደቱ ጣሪያ የለውም። አግድም ዘንግ ኡቺሙራ ከሪዮ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በግላስጎው የዓለም ሻምፒዮን የሆነበት መሣሪያ ነው፤ በሪዮም ዘንጉን ለቅቆ አየር ላይ እየተገለበጠና እየተጠማዘዘ መልሶ የሚይዝባቸውን ከባድ እንቅስቃሴዎች ደርድሮ፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱ እግሮቹ ምንጣፉን እንደነኩ ሳይነቃነቅ ቆሟል። የቬርኒያዬቭ ዋና መሣሪያ ትይዩ ዘንጎች ናቸው፤ በዚያው በሪዮ በነጠላ መሣሪያ ፍጻሜ ወርቅ የወሰደበትም እሱ ነው። ሁለቱ ሰዎች አግድም ዘንግ ላይ እኩል ይሆናሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ታደሰ (ጡረታ የወጣሁ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር)፦
ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ዳኞች ለኡቺሙራ ስም ያደላሉ ከተባለ፣ የሰውዬውን የሥራ ዘመን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት ያስፈልጋል። በ2008 ቤጂንግ ላይ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ሳለ በጥቅል ፍጻሜው ከባለ እጀታው ፈረስ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ 13.275 ተሰጠውና ወደ ታች ወረደ። ከዚያ በቀሩት መሣሪያዎች ሰው ሁሉ እያየው አንድ በአንድ እየቆጠረ ወጥቶ በ91.975 ከቻይናዊው ያንግ ዌይ ቀጥሎ የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ያን ዕለት የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር፤ ያወጣው ስም ሳይሆን ሥራው ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በገዛ አገሩ፣ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ይዞ በአግድም ዘንግ ብቻ ተወዳደረ። እጁ ዘንጉን ስቶ ወደቀ፣ 13.866 ተሰጠው፣ ለፍጻሜ አላለፈም። ስሙ የዚያን ቀን አላዳነውም። እኔ ተማሪዎቼን ሳስተምር የምነግራቸው የነበረው ስለ አስተራረፍ ነው፤ በጂምናስቲክ ያለፈውን ሁሉ የሚያጸናው ወይም የሚያፈርሰው መጨረሻ ላይ እግር መሬት የሚነካበት ቅጽበት ነው። ኡቺሙራ ከልጅነቱ ጀምሮ፣ ናጋሳኪ ውስጥ ወላጆቹ በሚያስተዳድሩት ማሠልጠኛ፣ የተቀረጸው ለዚህ ነው። ያ ሰው ሲያርፍ ጣቱ እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር።

ብሩክ፦
ጋሽ ታደሰ፣ ያቀረቡት ታሪክ እውነት ነው፤ አከብረዋለሁም። ነገር ግን መውደቅ ማንም የሚያየው ነገር ነው፤ አንድ ነጥብ ይቀነሳል፤ ዳኛ ሊደብቀው ቢፈልግም አይችልም። ስም ኃይል የሚኖረው በአስረኛ ነጥቦች ላይ ነው፦ ጉልበት ትንሽ ታጠፈ አልታጠፈም፣ እግሮች ተለያይተው ነበር ወይስ ተገጣጥመው፣ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ዘንጉ ላይ መቆም ሲገባው ስንት ዲግሪ ጎደለው በሚሉት ላይ። ትንሽ ስህተት 0.1፣ መካከለኛው 0.3፣ ትልቁ 0.5 ያስቀንሳል። በ0.1 እና በ0.3 መካከል የሚመርጠው የዳኛው ዓይን ነው። በሪዮ የወርቁ ልዩነት 0.099 ስለሆነ፣ እኔ የምፈራው አድልዎ እዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው የሚገባው።

እህቴ ሕይወት የቀለበቱን ነጥብ አንስተዋል። በየመሣሪያው የተቀመጡት ዳኞች የተለያዩ ናቸው፤ የቀለበት ዳኞች ጠንካራ መሆናቸው የአግድም ዘንግ ዳኞች ፍትሐዊ ነበሩ የሚል ማረጋገጫ አይሆንም። በዚያ ላይ በአግድም ዘንግ ቬርኒያዬቭ የሠራው ከኡቺሙራ በኋላ ነው። በአዳራሹ ያለው ሰው ሁሉ ስንት ነጥብ እንደሚያስፈልገው አስልቶ ነበር።

ዮናስ፦
እኔ ደግሞ ከዚህ በላይ እሄዳለሁ። የዓለም አቀፉ ጂምናስቲክ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሞሪናሪ ዋታናቤ ጃፓናዊ ናቸው። በ2012 ለንደን የቡድን ፍጻሜ ጃፓን አራተኛ ሆና ከጨረሰች በኋላ በኡቺሙራ የፈረስ ነጥብ ላይ ይግባኝ ብላ ወደ ሁለተኛ ወጣች፤ ታላቋ ብሪታንያ ወደ ነሐስ ወረደች፣ ዩክሬን ከሜዳሊያ ውጭ ሆነች። በሁለቱም ኦሊምፒኮች የተጎዳችው ዩክሬን መሆኗ በአጋጣሚ ነው ትላላችሁ?

ሕይወት፦
አቶ ዮናስ፣ ጥርጣሬ ሲቀርብ ቀኖቹ አብረው መቅረብ አለባቸው። ዋታናቤ የተመረጡት በኦክቶበር 2016፣ ከሪዮ በኋላ ነው። በሪዮ ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ጣሊያናዊው ብሩኖ ግራንዲ ነበሩ። የለንደኑ ይግባኝ የተነሳው ደግሞ የኡቺሙራ መውረጃ እንቅስቃሴ ሳይቆጠር ስለቀረ ነው፤ ይህ የክብደት ጥያቄ ስለሆነ ሕጉ ይግባኝን የሚፈቅድበት ጉዳይ ነው። ነጥቡ ከ13.466 ወደ 14.166 ተስተካከለ፣ የጃፓን ድምር 271.952 ሆነ፣ የዩክሬን 271.526 ነበር። ውሳኔው ብዙ ሰው አሳዝኗል፤ የብሪታንያ ልጆች ብሩ የእኛ ነው ብለው እየተደሰቱ ሳለ ነው የሰሙት። ቢሆንም ቪዲዮ ታይቶ፣ በግልጽ በተቀመጠ መንገድ የተወሰነ ነው። ይህን ከሪዮ ጋር ማጣበቅ ጥርጣሬን እንጂ ማስረጃን አያበዛም።

ለአቶ ብሩክ ግን የበለጠ ክብደት ያለው መልስ ይገባቸዋል፤ ምክንያቱም ያነሱት ነጥብ እውነተኛ ነው። 0.099 የሚለው ቁጥር ራሱ ሊመረመር ይገባል። በሪዮ የአፈጻጸም ነጥብ የሚወጣው ከአምስት ዳኞች ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተጥሎ የቀሩት ሦስቱ አማካይ ተወስዶ ነው። አማካዩ ለሦስት ተካፍሎ ሲቀር ሦስተኛው አሃዝ ላይ ይቆረጣል፤ 33 እና 66 የሚባሉት መጨረሻዎች የመጡት ከዚያ ነው። ኡቺሙራ እንዲህ የተቆረጡ ሦስት ነጥቦች አሉት፤ በወለል፣ በቀለበትና በዝላይ። ቬርኒያዬቭ ሁለት አሉት፤ በወለልና በፈረስ። ሳይቆረጡ ቢደመሩ ልዩነቱ በትክክል 0.1 ይሆናል። ይህም በሕጉ ውስጥ ካለው ትንሹ ቅጣት ጋር እኩል ነው። ቬርኒያዬቭ ለወርቁ 14.900 ያስፈልገው ነበር፤ 14.800 አገኘ። ሲያርፍ እግሩ መንቀሳቀሱን እርስዎም አምነዋል፤ ለአንዲት ትንሽ እርምጃ የሚቀነሰው ደግሞ 0.1 ነው። ሳይንቀሳቀስ ቢቆም ኖሮ፣ ዳኞቹ ሌላውን ሁሉ እንደያዙት ቢይዙት እንኳ፣ ወርቁ የእሱ ይሆን ነበር። ስለዚህ እኔ ወርቁን ከኡቺሙራ ላይ ለማንሳት አንዳች ምክንያት አላገኘሁም። ከ1968 እና ከ1972ቱ ሳዋዎ ካቶ በኋላ ይህን ማዕረግ በተከታታይ ኦሊምፒክ ያስጠበቀ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል፤ ይህንንም ያገኘው እግሩን በማጽናት ነው።

ታደሰ፦
አንድ ነገር ልመስክር። ውድድሩ እንዳለቀ በጋዜጣዊ መግለጫው ላይ ዳኞች ያደሉልሃል ወይ ተብሎ ኡቺሙራ ሲጠየቅ፣ ቬርኒያዬቭ ራሱ ተቆጥቶ ጥያቄው እርባና እንደሌለው ተናግሯል፤ ኡቺሙራንም አሞግሶታል። የተጎዳ የተባለው ሰው ከጎኑ ቆሞ ሲከራከርለት፣ እኛ ከእሱ በላይ ተበዳይ መሆናችን አይገባኝም።

ብሩክ፦
ጋሽ ታደሰ፣ የቬርኒያዬቭ ጨዋነት ያስከብረዋል፤ የዳኝነቱን ትክክለኛነት ግን አያረጋግጥም። የእህት ሕይወትን ስሌት እቀበላለሁ፤ ነገሩን ያጠነክረዋል እንጂ አያቀልለውም። ልዩነቱ አንድ ትንሽ ቅጣት ከሆነ፣ ነጥባቸው ከተቆጠረው ሦስት ዳኞች እያንዳንዱ ከአሥር በላይ እንቅስቃሴ ባለበት ልምምድ ውስጥ የትኛውን ጉድለት ስንት ብሎ እንደጻፈ ማወቅ የግድ ነው። በአቴንስ 2004 ኮሪያዊው ያንግ ቴ-ዮንግ በትይዩ ዘንጎች ላይ መነሻ ነጥቡ (በያኔው ሕግ ስህተት ከመቀነሱ በፊት የሚያዘው ነጥብ) 10 መሆን ሲገባው 9.9 ተብሎ ተያዘበት፤ በወርቁ ባለቤት በ0.049 ተበልጦ ነሐስ ወሰደ። ስህተቱ በኋላ ታመነ፤ ሜዳሊያው ግን አልተለወጠም፣ የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤቱም አቤቱታውን አልተቀበለውም። ያ ስህተት የታወቀው መነሻ ነጥቡ በይፋ የሚታይ ስለነበር ነው። የአፈጻጸም ስህተት ቢኖር በምን ይታወቃል?

በቶኪዮ የጥቅል ፍጻሜ ደግሞ ጃፓናዊው ዳይኪ ሃሺሞቶ በ88.465 ቻይናዊውን ሻዎ ሩዎተንግን በ0.4 ሲበልጥ፣ በዝላይ ከምንጣፉ ወጥቶ 14.700 ማግኘቱ ከፍተኛ ቁጣ አስነሳ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ የወረደው የስድብ መዓት አሳፋሪ ነበር። ያኔ ፌዴሬሽኑ የተቀነሱትን ነጥቦች በዝርዝር አውጥቶ ነጥቡ ትክክል መሆኑን አስረዳ። ለሻዎም ዳኛውን በመጨረሻ እጅ ነስቶ ባለመሰናበቱ የተቀነሰችው 0.3 ብትመለስለት እንኳ 88.365 ስለሚሆን እንደማይደርስ ሰው አይቶ ማመዛዘን ቻለ። ለሪዮ ይህ አልተደረገም።

ሕይወት፦
በዚህ ላይ ከአቶ ብሩክ ጋር አንለያይም፤ ከዚህም አልፌ እሄዳለሁ። ለሃሺሞቶ ዝርዝሩ የወጣው ጩኸት ስለበዛ ነው፤ መውጣት ያለበት ግን በእያንዳንዱ ፍጻሜ፣ የእያንዳንዱ ዳኛ ቅናሽ ከነእንቅስቃሴው፣ ስፖርተኞቹ ገና አዳራሹን ሳይለቁ ነው። ፉጂትሱ የሠራው የሰውነትን አቀማመጥ በሦስት አቅጣጫ የሚለካ የዳኝነት መርጃ ሥርዓት በ2019 በሽቱትጋርት የዓለም ሻምፒዮና ጥቅም ላይ ውሎ በ2023 አንትወርፕ ለሁሉም መሣሪያዎች ደርሷል፤ ስለዚህ የቴክኒክ ሰበብ የለም። ማሽኑ ብቻውን ይፍረድ አልልም፤ የአንድን እንቅስቃሴ ውበት ዓይን ያለው ሰው ሊያየው ይገባል። የማዕዘን ዲግሪን ግን ከማሽን የተሻለ የሚለካ ዳኛ የለም። አቶ ብሩክ ይህ በሪዮ ቢኖር ኖሮ ወርቁ ይለወጥ ነበር ብለው ያምናሉ?

ብሩክ፦
ይለወጥ ነበር ብዬ መማል አልችልም። በአግድም ዘንግ ላይ ኡቺሙራ እንደሚበልጥም አልክድም። የምጠይቀው ያን 14.800 የሠሩት ዳኞች ወረቀት ዛሬም ቢሆን እንዲወጣ ነው፤ ወረቀቱ ሕይወት እንዳሉት አንዲት እርምጃ 0.1 ተብላ እንደተቀነሰችና ሌላው ሁሉ በቦታው እንደሆነ ካሳየ፣ እኔ በበኩሌ ክርክሬን አቆማለሁ።